ቆንጆው ሰላይ ማንን ሸፈነብን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ፊልም ነው። «ርዕስ አልቆባችሁ ነው?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። አላለቀብንም። ግን አረካ ላይ ከዒሻ በኋላ ወጣቱ ምን ይዞ እንደሚተኛ እኛም እናንተም እናውቃለን፤ ስልክ ነው። ፊልሙ በቴሌግራም ይወርዳል፣ በፍላሽ ይገለበጣል፣ አንዱ ከሶዶ ይዞት ይመጣል፣ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ከሚታየውም ብዙው የሰላይ ፊልም ነው። መነጽር፣ ሞተር ሳይክል፣ ጡንቻ፣ ፍንዳታ።

ከእነዚህ መካከል ዛሬ የምናነሳው አንዱን ነው። «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ይባላል። በአማርኛ «የቀይ ባሕር የጠላቂዎች መዝናኛ» ብንለው ያስኬዳል። የመረጥነው ከሁሉም ስለከፋ አይደለም። ስለ እኛ ስለተሠራ ነው። ኢትዮጵያውያን፣ ሱዳን፣ ረሃብ፣ ስደት... ሁሉም አለበት። ከሌሎቹ የሰላይ ፊልሞች ውስጥ የጎረቤቶቻችንን ታሪክ ይዞ የመጣ ሌላ ብዙም አታገኙም።

ካዩት ወጣቶች ጋር ስናወራ ደጋግመን የሰማነው መልስ አንድ ነው፦ «ታሪኩ እንኳ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ፊልሙ ያምራል!» ክርክራችን ከዚህች «ግን» ጋር ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2019 በኔትፍሊክስ ወጣ። ጽፎ ያዘጋጀው እስራኤላዊው ጊዲዮን ራፍ ነው። መሪ ተዋናዩ ሁላችሁም «ካፒቴን አሜሪካ» ብላችሁ የምታውቁት ክሪስ ኢቫንስ ነው፤ አሪ ሌቪንሰን የሚባል የሞሳድ ሰላይ ሆኖ ይጫወታል። አሪና ጓደኞቹ ሱዳን ቀይ ባሕር ዳር የተተወ የመዝናኛ ቦታ ይከራያሉ። ቀን የሆቴል ባለቤቶች መስለው ቱሪስት ያስተናግዳሉ፣ ሌሊት ደግሞ ከኢትዮጵያ ተሰደው ሱዳን ካምፕ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን በመኪና እየጫኑ ወደ ባሕሩ ያሸሻሉ። ኢትዮጵያዊው ከበደ ቢምሮ ደግሞ ሕዝቡን እየመራ ያመጣላቸዋል። እርሱን የተጫወተው አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነው። ነፍሱ ከወጣች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል፤ ጎበዝ ተዋናይ ነበር፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ፊልሙ ያምራል? አዎ ያምራል፣ አንክድም። ባሕሩ ያምራል፣ በረሃው ያምራል (ቀረጻው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ እንጂ ሱዳንም ኢትዮጵያም አይደለም)። ሰላዮቹ ያምራሉ። አምስቱም። ላብ ሲያልባቸው ያምራሉ፣ ሲጣሉ ያምራሉ፣ ሽጉጥ ሲደገንባቸው ሳይቀር ፀጉራቸው አይበላሽም። ዋናው ሰላይ ሸሚዙን አውልቆ ደረቱን የሚያሳይበት ቦታ አለ። ሆቴሉ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የሰማንያዎቹን ሙዚቃ ከፍተው፣ ቱሪስቱ ሲዋኝ፣ ሰላዮቹ ሲስቁ፣ ልክ የመጠጥ ማስታወቂያ አስመስለው ያሳዩናል። እዚያው አገር ውስጥ በዚያው ሰዓት ሰው በረሃብና በበሽታ እያለቀ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ፊልሙን ያያችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከከበደ ሌላ ከዚያ ሁሉ ስደተኛ የአንዱን ስም ታስታውሳላችሁ? አንዲት እናት ምን ብላ እንደተናገረች ታስታውሳላችሁ? ከበደስ ራሱ ማንን ጥሎ እንደመጣ፣ ሌሊት ምን እንደሚያስብ የሚነግረን አለ? የክሪስ ኢቫንስ ጢም ግን ሁላችንም ፊት ላይ ድቅን ይላል። ከሁለት ሰዓት በላይ የሆነ ፊልም አይተን በአእምሯችን የቀረው የአንድ ሰው ጢም ከሆነ፣ ታሪኩ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ አይባልም።

ታሪኩማ ነበር። ያውም ፊልም ሠሪ በሕልሙ የማያገኘው ታሪክ።

ፈረደ አክሉም የሚባል ቤተ እስራኤላዊ ኢትዮጵያዊ ነበር። ደርግ ይፈልገው ነበርና እንደሌላው ስደተኛ ድንበር አቋርጦ ሱዳን ገባ። እዚያ ሆኖ ለእርዳታ ድርጅቶች ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። «እዚህ ነኝ፣ አውጡኝ፣ ወገኖቼንም አውጡ» የሚል ደብዳቤ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ እየዞረ እየዞረ ሞሳድ እጅ ገባ። ሞሳድ ዳኒ ሊሞር የሚባለውን ሰው ሱዳን ልኮ ፈረደን አስፈለገው፤ ካርቱም ውስጥ ተገናኙ። የፊልሙ አሪ የተቀዳው ከዚህ ከዳኒ ነው፣ ከበደ ደግሞ ከፈረደ። ከዚያ በኋላ ፈረደ «የኢየሩሳሌም መንገድ በሱዳን በኩል ነው» የሚል መልእክት ወደ መንደሮቹ ላከ። ሰዉም ተነሣ። ልጅ ያዘለ፣ አረጋዊ የደገፈ፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን ጫካ እየተደበቀ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር በእግሩ ተነሣ።

አስተውሉ! ነገሩን የጀመረው ሰላዩ አይደለም። ነገሩን የጀመረው አንድ ስደተኛ ነው፤ በእስክሪብቶ። ቀጥሎ ያስቀጠሉት በእግራቸው የሄዱት ናቸው። ሰላዮቹ የመጡት ተጠርተው ነው። የእነርሱንም ድፍረት አንክድም፤ ቢያዙ የሚጠብቃቸው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ግን ፊልሙ ይህን ገለበጠው። በፊልሙ ሰላዩ ያድናል፣ ሐበሻው ይድናል። ሰላዩ ያስባል፣ ሐበሻው ይከተላል። ሰላዩ ከአለቆቹ ጋር ይከራከራል፣ ሐበሻው መኪና ላይ ተቀምጦ በትልልቅ ዓይኖች ያያል። ፊልሙ በወጣ ጊዜ የውጭ ሐያሲዎችም «ነጭ አዳኝ» እያሉ የነቀፉት ለዚህ ነው። እኛ ስንለው ቅናት ይመስላል እንጂ።

ካምፕ ከደረሱ በኋላ የሆነውንም ስሙ። ከገዳሪፍ አቅራቢያ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች ካምፕ አለ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ያ ካምፕ በረሃብ በሸሸ ኢትዮጵያዊ ተጥለቀለቀ። ቤተ እስራኤላውያኑ ሃይማኖታቸውን ደብቀው ከሌላው ስደተኛ ጋር ተቀላቅለው ነበር የተቀመጡት። በሽታ ገባ። በመንገድና በካምፕ ካለቁት ቤተ እስራኤላውያን ቁጥራቸው ወደ 4 ሺህ ይጠጋል ይባላል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ መታሰቢያ አላቸው። ይህ ሁሉ ሞት በፊልሙ ውስጥ የስንት ደቂቃ ቦታ እንዳገኘ፣ የባሕር ዳሩ ሙዚቃ ደግሞ የስንት ደቂቃ ቦታ እንዳገኘ ሰዓት ይዛችሁ እዩት።

የሆቴሉ ታሪክ ራሱ ሐቅ ነው። ቦታው አሩስ ይባላል፤ ጣሊያኖች ሠርተው የተዉት መንደር ነበር። ሞሳዶቹ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነን ብለው ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት በ320 ሺህ ዶላር ለሦስት ዓመት ተከራዩት። እውነተኛ እንግዶች ይመጡ ነበር፤ ሆቴሉ ትርፍም አግኝቷል። ሾፌር፣ አስተናጋጅ፣ አልጋ አንጣፊ፣ ምግብ አብሳይ ሆነው የሚሠሩት የአካባቢው ሱዳናውያን ነበሩ፤ ወደ 15 ሰዎች። አሠሪያችን ማን ነው ብለው አልጠየቁም፣ ማንም አልነገራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1985 የኒሜሪ መንግሥት ሲወድቅ ሰላዮቹ በሌሊት ወጡ። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲነሡ ሆቴሉ ባዶ ነው፣ ፈረንጅ የለም።

እስቲ ያንን ጠዋት አስቡት። ለዓመታት አብረኸው የሠራህ፣ እንጀራህን የሰጠህ ሰው በሌሊት ጠፍቶ፣ በማግስቱ ወታደር መጥቶ «ሰላይ ስታበላ ነበር» ቢልህ ምን ትላለህ? እኛ ፊልም ሠሪ ብንሆን ከዚህ እንጀምር ነበር። የኔትፍሊክሱ ፊልም ግን እነዚህ ሰዎች ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አልታየውም። ቆንጆ አይደሉማ!

በፊልሙ ከሱዳናውያን ሁሉ ረጅሙን ጊዜ ይዞ የምናየው ኮሎኔል አብደል አሕመድ የሚባል ባለ መሣሪያ ነው። ይጮኻል፣ ያስፈራራል፣ ይገድላል። የአንድ ሙሉ ሙስሊም ሕዝብ ፊት እርሱ ሆነ።

እዚህ ላይ እንድትረዱን የምንፈልገው ነገር አለ። «የሱዳን ወታደር በደል አልሠራም» እያልን አይደለም። ሠርቷል። የኒሜሪ አገዛዝ የጻድቃን አገዛዝ አልነበረም፤ ከሱዳናዊው ሙስሊም ራሱ በላይ የቀመሰው የለም። ቤተ እስራኤላውያኑ ሃይማኖታቸውን የደበቁት በከንቱ አልነበረም፤ ቢታወቅባቸው የሚደርስባቸውን ያውቁ ነበር። ይህ መነገር አለበት፤ ሙስሊም ስለሆንን የሙስሊም በደል አይሸፈንም። ዲናችን ፍርድን ለወገንና ለባዳ እኩል እንድናደርግ ነው ያዘዘን።

ግን ሐቁን ሙሉውን ንገሩን! በዚያው ጊዜ ከሱዳን መንግሥት ውስጥ ከአሜሪካኖቹ ጋር የተዋዋለም ነበር። ዘመቻ ሙሴ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 የተካሄደው በረራ፣ ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከካርቱም በአውሮፕላን የወጣበት፣ ያለ ሱዳን ባለሥልጣናት ፈቃድ የሚሆን አልነበረም። የኒሜሪ ምክትልና የደኅንነት ሹም የነበረው ዑመር አጥ-ጠይብ ከለውጡ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተፈረደበት በዚሁ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ነበረበት፣ ፖለቲካ ነበረበት፣ ፍርሃት ነበረበት። የሰላይ ፊልም ማለት ይህን መሰለኝን ነገር ፈልፍሎ ማሳየት አልነበረም እንዴ? ሰላይነት ሥራው የሰው ልብ ማወቅ ነው። እነዚህ ግን የጭቃኔ ፊት ለጥፈውበት አለፉ። ቀለለላቸው።

ከመንግሥቱ በታች ደግሞ ሕዝቡ አለ። የገዳሪፍና የከሰላ ገበሬ። በዚያ ዘመን ራሱ ድርቅ የመታው ሆኖ ሳለ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሐበሻ ድንበሩን ተሻግሮበት ውሃውን፣ መሬቱን፣ ገበያውን ተካፍሎታል። ታሪኩ የድሮ ብቻም አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሱዳን ሲሸሽ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። ሐምዳይት ላይ ከመንግሥትም ከተባበሩት መንግሥታትም በፊት ቤቱን የከፈተ፣ ማሽላውን ያካፈለ የመንደሩ ሰው ነበር። ስደተኛው ክርስቲያን ነው ሙስሊም ነው ብሎ አልጠየቀም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ሱዳናዊው ተራውን በመተማ በኩል ወደ እኛ መጣ። እንዴት እንደተቀበልነው እናንተው ፍረዱ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ያገራችን ወጣት ስለ ሱዳን ያለው ምስል አብደል አሕመድ ብቻ ከሆነ፣ መተማ ላይ የቆመውን ስደተኛ በምን ዓይን ሊያየው ነው?

አንዳንድ ወንድሞቻችን በሌላ በኩል መጥተው «የአይሁድ ታሪክ ነው፣ እኛ ምን አገባን? ይሥሩበት አይሥሩበት ምናችን ነው?» ይሉናል። ይህ ከፊልሙ ይብሳል። ስለ እስራኤል መንግሥትና ስለ ፍልስጤም ያለን አቋም የታወቀ ነው፤ ዛሬ ርዕሳችን እርሱ አይደለም። ከጎንደር ተራራ በእግሯ ወርዳ ልጇን መንገድ ላይ የቀበረችው ሴት ግን ያገራችን ሴት ናት። አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ሸክላ ሠሪ። ጎረቤቶቿ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «ቡዳ» እያሉ ሲሸሹዋት የኖረች። እኛ ወላይታዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ሸክላ ሠሪውን «ቺናሻ» ብሎ ማራቅ፣ ማሰሮውን ገዝቶ ሰውየውን መጸየፍ እስከ ዛሬ ከመንደራችን አልጠፋም። ስለዚህ የእርሷ ታሪክ ለመልክ ሲባል ሲሸራረፍ ዝም ብንል «ምን አገባን» የሚለው መልስ አያወጣንም።

«ኧረ እናንተ ደግሞ! ለመዝናናት ነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እሺ። መዝናናትን አልከለከልንም። ግን ልብ በሉ፤ ታሪክ የሌለው ፊልም መልእክት የለውም ማለት አይደለም። ታሪኩ በተወው ቦታ መልኩ ይገባና መልእክቱን ይናገራል። ካሜራው የሚቆምበት ፊት «ይህ ሰው ነው» ይላል። ካሜራው በሩጫ የሚያልፈው ፊት «ይህ ብዛት ነው» ይላል። ሳታውቁት ነው የሚገባባችሁ፤ ክርክር ቢሆንማ ትከራከሩት ነበር። መልክ ግን አይከራከርም፣ ይወደዳል በቃ።

የሕንዱን ፊልም እዩት ካላመናችሁን። «ዋር»ን ያላየ አረካ ውስጥ አለ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ሪቲክ ሮሻንና ታይገር ሽሮፍ ያሉበት። ከዳንሱና ከሞተር ሳይክሉ ሥር ያለውን አንድ ነገር ስንቶቻችሁ አስተዋላችሁ? ኻሊድ የሚባለው ሙስሊም ወታደር አባቱ ከሃዲ ስለነበር፣ አገሩን እንደሚወድ ገና ማስመስከር አለበት። የሌሎቹ ታማኝነት ከመጀመሪያው የታመነ ነው፤ የእርሱ ግን በደም ይፈተናል። ፊልሙን ስታዩ ማንም «ሙስሊም አይታመንም» ብሎ አልነገራችሁም። ኻሊድ ስለሚያምር፣ ድብድቡ ስለሚያምር፣ ጥያቄውን አብራችሁ ዋጣችሁት።

ከእኛው ወገን ደግሞ «ፊልም ሐራም ነው፣ ዝጉት፣ አለቀ» የሚሉን አሉ። የሐላልና የሐራሙን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተወው፤ እነርሱን እንጠይቃለን። እኛ የምንለው ያየነውን ነው፤ ልጁ በአደባባይ ይዘጋውና ብርድ ልብስ ውስጥ ይከፍተዋል። ብርድ ልብስ ውስጥ ደግሞ «ይህ ልክ አይደለም» የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። የሚሻለው አብሮ ቁጭ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ለምን ስም የለውም?» ብሎ መጠየቅ ይመስለናል።

«ታዲያ ይህን ታሪክ በፊልም በትክክል መንገር ይቻላል?» ላላችሁን፣ ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የፈረንሳይኛ ርዕስ ያለው ፊልም አለ፤ ትርጉሙ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ማለት ነው። የሠራው ራዱ ሚሃይሌአኑ ይባላል። የሱዳን ካምፕ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን እናት ልጇ እንዲተርፍላት አይሁዳዊ ነኝ ብሎ ከሚሄዱት ጋር እንዲሳፈር ትገፋዋለች። ልጁ እስራኤል ገብቶ፣ ሰሎሞን ተብሎ፣ ማንነቱን ደብቆ ያድጋል። ፍንዳታ የለውም። የልጁን ፊት ታያላችሁ፣ ደጋግማችሁ ታያላችሁ፣ እናቱን ሲናፍቅ አብራችሁ ትናፍቃላችሁ። ዘረኝነትንም አይደብቅም። ከዚህ ፊልም በኋላ ስደተኛ የሚለው ቃል ሲጠራ የሚመጣባችሁ ፊት ይኖራል። ከሬድ ሲው በኋላ የሚመጣባችሁ ጢም ነው፤ ደገምነው ይቅርታ።

ጉዳዩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበን አሁን እንንገራችሁ። ሱዳንም ቀይ ባሕርም ከአረካ ሩቅ ነው። መንገዱ ግን ሩቅ አይደለም። ከእኛ ወደ ሆሳዕና የሚያወጣውን መንገድ ያዙና በሐዲያና በከምባታ መንደሮች እለፉ፤ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤት ስንት ነው? ከእኛም ከወላይታ የሄዱ አሉ። እህቶቻችን ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ወደ ዐረብ አገር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ቦታ ፖሊስ አንድ ኮንቴይነር ሲከፍት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። 14ቱ በሕይወት ወጡ። ዜናው ለሁለት ቀን ተሰማ፣ ከዚያ ኮሮና ዋጠው።

አንድ ቀን የዚያ ኮንቴይነር ፊልም ይሠራል። መሠራቱ አይቀርም፤ ለፊልም ይመቻል። ማን መሪ ተዋናይ ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ? አሁን ባለው አያያዝ ከሄደ ደላላውን የሚያሳድድ መልከ መልካም የኢንተርፖል መርማሪ ነው የሚሆነው። ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ሚስቱ ፈታዋለች፣ ሔሊኮፕተር ላይ ይንጠለጠላል። 64ቱ በመጨረሻው ትዕይንት በሩ ሲከፈት ለአሥር ሰከንድ ይታያሉ፤ እርሱ ፊቱን ያዞራል፤ ሙዚቃ ይገባል። የእኛ ልጆችም በስልካቸው አይተው «ታሪኩ እንኳ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ያምራል» ይላሉ። ከ64ቱ አንዱ የጎረቤታቸው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምንለው ሆሊውድ ላይ ለመጮኽ አይደለም። ሆሊውድ አይሰማንም። ፈረደ አክሉም ፊልም የመሥራት አቅም አልነበረውም፤ የነበረው ወረቀትና ፖስታ ነው። እርሱ ግን ጻፈ። የእርሱ ታሪክ ዛሬ የሚታወቀውና «ከበደ ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ መልስ የምናገኘው ሰዎች ስሙን ስለመዘገቡ ነው። የእኛ መንገደኞች ስም የት ነው የተመዘገበው?

እያንዳንዳችን ቤት በሱዳን በኩል ያለፈች አክስት፣ በሞያሌ አልፎ ታስሮ የተመለሰ አጎት፣ በ1977ቱ ድርቅ ወላይታም ሲራብ ልጅ የነበረ አያት አለ። ሁላችሁም መቅጃ ያለው ስልክ በኪሳችሁ ይዛችኋል፤ ፊልም የምታወርዱበት ያው ስልክ ነው። በዚህ ሳምንት ከአንዳቸው አጠገብ ቁጭ በሉ። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ «ሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ከሚል ሌላ አያመጣም። መጀመሪያ ሌሊት የት አደራችሁ በሏቸው። ውሃ ማን ሰጣችሁ? ጫማችሁ ምን ነበር? ከመካከላችሁ ማን ቀረ፣ ስሙስ ማን ይባላል? በየትኛው ቋንቋ ተግባባችሁ? በወላይትኛ ከመለሱ በወላይትኛ ቅዱት፣ አትተርጉሙት። ማልቀስ ከጀመሩ መቅጃውን አጥፉና ሻይ አፍሉላቸው፤ ሌላ ቀን ይቀጥላል። ስማችን አይነሣ ካሉ አታንሡ። ድምፁን ግን አታጥፉት፤ ስልክ ስትቀይሩም መጀመሪያ እርሱን ገልብጡት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።